ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን ለይቶ መጻፍ

የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በላኩ ወላጆች፣ እንዲሁም ከግዳጅ በሚተርፋቸው ጊዜ ራሳቸው በሚማሩ የሠራዊቱ አባላት ዘንድ ዘወትር በሚነሣ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ጥናታዊ ጽሑፍ የማዘጋጀት ጉዳይ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የተማሪውና የመምህሩ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ልጅ በመመረቂያ ጽሑፉ ምክንያት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር የቤት ኪራዩ፣ የስንቁና የመጓጓዣው ወጪ የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ነው፤ የእናት እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ አይሰፍርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

በካርቲየ 1 የሚያድግ ልጅ

በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ካርቲየ 1ን አሳምረው ያውቁታል። በቁጥር ከሚጠሩት የከተማይቱ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በዚህ ሰፈር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጃገረድ እናስብ። በቤቷ ከእናቷ ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች። ደጅ ስትወጣ ሱማሊኛና አፋርኛ ይቀበሏታል። በገበያ ዐረብኛ ትሰማለች። በትምህርት ቤት ደግሞ የምትማረው በፈረንሳይኛ ነው፤ የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸውና። በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም በዋነኛነት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው።

ይህች ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ወላጆቿ አገር ተሻግራ በድሬዳዋ፣ በሐረማያ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብትመደብ፣ መምህሯ በመጀመሪያው ወር «አሥር ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ አምጪ» ይሏታል። አምስት ቋንቋ ሲሰማ ያደገ ጆሮ በስድስተኛው ፊት ግራ ይጋባል። እንዲህ ሲባል ግን ችግሩ በባሕር ማዶ ያደጉ ልጆች ብቻ ነው ማለት አይደለም። ከደሴ፣ ከደብረ ታቦር ወይም ከጎባ የመጣው ተማሪም ከዚያው ወረቀት ፊት ተቀምጦ ብዕሩን ይነክሳል።

ሁለቱ የባዕድ ቋንቋዎች እንዴት ገቡ?

ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ውስጥ የተቀመጡት በየተራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከሐዲዱ ጋር የፈረንሳይኛ ቋንቋም ሠረጸ፤ እስከ 1935ቱ የፋሺስት ወረራ ድረስ የተማረ ሰው ሲባል በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ማለት ነበር። ከ1941ዱ ድል በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉስየን ማት ከካናዳ የመጡ፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰው እንደነበሩ ማስታወስ ለካርቲየ 1 ልጆች ማጽናኛ ሊሆን ይችላል። ኮሌጁ በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ።

የጦሩም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሐረር የተከፈተው የጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች ይመራ ስለነበር ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንግሥታት ሥርዓት ቢለዋወጥም የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ አልተለወጠም። የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደነግግ፣ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። ስለሆነም ልጁ በአንድ ቋንቋ ማሰብ ይጀምራል፤ በሌላ ቋንቋ ደግሞ አሳቡን እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ይህ መሸጋገሪያ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለመገመት አንድ ቁጥር ማንሣት ይበቃል። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብ አይገባም። ይሁንና የሒሳቡንም፣ የታሪኩንም ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ የሚያውቀውን እንኳ መመለስ እንደማይችል ማንም አይክድም።

ከአድዋ ወንዝ እስከ ዓለም መድረክ

«ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱን ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እናገኘዋለን። ታሪኩ በተለይ እናቶችን ይመለከታል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። እንዶድ ምን እንደሆነ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ ሳሙና እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት የእናቶቻችንን ነጠላና ቀሚስ ያነጣ የነበረ ፍሬ ነው። ሳይንቲስቱ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ወስደው በእንዶድ አረፋ ቢሞክሩ ሞቱ።

ይህን ነገር በሠፈር ወሬነት ቢተዉት ኖሮ ከአድዋ ወንዝ ዳር አያልፍም ነበር። እሳቸው ግን ያዩትንና የሞከሩትን በእንግሊዝኛ በጥናት መልክ ጽፈው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡት። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ሙከራውን ደግሞ መሞከር፣ ውጤቱን መመዘን፣ ስሕተት ካለበት ማረም ቻለ። በ1969 እና በ1974 መካከል በዚያው በአድዋ እንዶድ በወንዞች ላይ ተሞክሮ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ እንዳለ ተዘገበ። በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ ያወቁት እናቶች ናቸው። ሳይንቲስቱ በዚህ ዕውቀት ላይ የጨመሩት ጥያቄን፣ ሙከራንና ጽሑፍን ነው። ዕውቀት ካለ ጽሑፍ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጽሑፍ ሲኖረው ግን ድንበር ይሻገራል።

የቃኚው ሪፖርት

አሁን ወደ ወታደሩ እንመለስ። ጥናታዊ ጽሑፍ ለብዙ ተማሪዎች የማይደፈር ተራራ ሆኖ የሚታያቸው ከሕይወታቸው ጋር የማይገናኝ ባዕድ ነገር ስለሚመስላቸው ነው። ወታደር ግን ነገሩን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፤ በየዕለቱ ሪፖርት ያቀርባልና።

አንድ ጥሩ ቃኚ ከግዳጅ ተመልሶ ለአዛዡ ሲያስረዳ እንዲህ ይላል፦ «ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በኮረብታው ምሥራቃዊ ወገብ ሦስት ተሽከርካሪዎች ቆመው በመነጽር አይቻለሁ። አንድ እረኛ ሌሊቱን ሌሎች አምስት ማለፋቸውን ነግሮኛል። መንኮራኩሮቹ በደረቅ መሬት ላይ የጣሉትን ዱካ ስመለከት የጫኑት ከባድ ዕቃ ይመስለኛል። ከኮረብታው ማዶ ያለውን ግን አላየሁም።»

ይህ አጭር ሪፖርት የጥናታዊ ጽሑፍን አካላት ሁሉ ይዟል። በየት ሰዓት፣ ከየት ቦታ፣ በምን መሣሪያ እንዳየ መናገሩ በጥናት ቋንቋ «ዘዴ» ይባላል። ሦስት ተሽከርካሪዎች ማየቱ «ውጤት» ነው። የእረኛውን ቃል ለእረኛው መስጠቱ «ምንጭ መጥቀስ» ነው። ዱካውን አይቶ መገመቱ «ትንተና» ሲሆን፣ ያላየውን አላየሁም ማለቱ ደግሞ «የጥናቱ ውስንነት» ይባላል። እረኛው የነገረውን «አይቻለሁ» ብሎ የሚያቀርብ ቃኚ ጓዶቹን ለአደጋ ያጋልጣል። የሌላውን ሰው ጽሑፍ የራሱ አድርጎ የሚያቀርብ ተማሪም ያው ነው፤ አንባቢው በማን ቃል እንደሚተማመን እንዳያውቅ ያደርገዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አድራጎት እንደ ስርቆት ቆጥረው የሚቀጡበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የዶክተር አክሊሉም ሥራ በዚሁ መሥመር ሊነበብ ይችላል። ቢልሃርዚያ የሕዝብ ጠንቅ መሆኑና ቀንድ አውጣውን የማጥፋቱ ጥያቄ መግቢያው ነው። ቀንድ አውጣዎቹን ሰብስቦ በእንዶድ መሞከሩ ዘዴው ነው። መሞታቸው ውጤቱ ነው። «ይህ ፍሬ በሽታውን ለመከላከል ሊያገለግል ይችላል» የሚለው አሳብ ደግሞ ትንተናው ነው። ዛሬ በሕክምናም፣ በግብርናም፣ በምሕንድስናም የሚወጡ ጽሑፎች በአብዛኛው ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ።

መግቢያው ለምን ያስቸግራል?

ተማሪዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገሩት በመግቢያው ላይ ነው። ጆን ስዌልስ የተባሉ እንግሊዛዊ ምሁር ይህን ችግር በጥልቀት አጥንተዋል። እኚህ ሰው ከአገራችን በማይርቁት በሊቢያና በሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች እንግሊዝኛ ያስተማሩ ናቸው። በ1981 የ48 ጽሑፎችን መግቢያ መርምረው ጸሐፊዎቹ ተመሳሳይ እርምጃዎችን እንደሚወስዱ አሳዩ፤ በ1990 ደግሞ እርምጃዎቹን ወደ ሦስት ጠቅልለው አቀረቡ።

የመጀመሪያው እርምጃ ጉዳዩ ጠቃሚ መሆኑንና እስካሁን ምን እንደታወቀ መግለጽ ነው። ሁለተኛው ገና ያልታወቀውን ወይም የጎደለውን ነገር ማመልከት ነው። ሦስተኛው «እኔ ይህን ክፍተት እንዲህ አድርጌ እሞላለሁ» ማለት ነው። በወታደር አነጋገር የመሬቱን ሁኔታ ማስረዳት፣ ያልተጠበቀውን በር ማሳየት፣ ከዚያም ኃይልን እዚያ ማሰለፍ ነው። ይህን ሦስት እርምጃ በአእምሮው የያዘ ተማሪ ባዶ ወረቀት ፊት ብዙ አይፈዝም።

አማርኛችን የሚረዳበትና የሚፈትንበት

አማርኛ ለዚህ ሥራ እንቅፋት ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በአገራችን የክርክር ባህል «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚሟገት ሰው ነገሩን በምስክር ሳያስደግፍ አይረታም ነበር። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራንም «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈቱ እያንዳንዱን ፍቺ በሥርዓት ለይተው ያቀርባሉ። ማስረጃ ማቅረብና አሳብን መለየት ለኛ ባዕድ አይደለም።

የሚፈትነን በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ተመለሰ» እያልን ብዙ ድርጊት በአንድ ትንፋሽ እናስኬዳለን። በእንግሊዝኛ ግሡ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ይህ ሰንሰለት ተቆርጦ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እኛ «ቤት» የነበረውን «ቤቱ» ስንል በመጨረሻው ፊደል የምናመለክተውን እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት በሚቀመጡ ትንንሽ ቃላት ይገልጸዋል፤ መጀመሪያ ሲነሣ «ኤ»፣ አንባቢው ካወቀው በኋላ «ዘ» ይላል። ተማሪዎች እነዚህን ይዘነጋሉ። ሦስተኛ፣ በቅኔያችን ወርቁን ከሰሙ ሥር መሸሸግ የሊቅነት ምልክት ነው። በእንግሊዝኛ ጥናታዊ ጽሑፍ ግን ወርቁ ከፊት ይቀመጣል። ዋናው አሳብ በመግቢያው ውስጥ በግልጽ ይነገራል፤ በየአንቀጹም የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንቀጹ ስለ ምን እንደሆነ ያስታውቃል። ፈላጊው አንባቢ እንዲፈታ ተብሎ የሚተው ቅኔ የለም።

በፈረንሳይኛ የተማረችው የካርቲየ 1 ልጅም የራሷ ፈተና አላት። በፈረንሳይ የትምህርት ባህል የተለመደው ድርሰት ጥያቄውን አቅርቦ፣ አንዱን ወገን ከዚያም ተቃራኒውን መርምሮ፣ በመጨረሻ ወደ ማስታረቂያው ይደርሳል። መድረሻውን ከመነሻው የማሳየቱ ልማድ ለእርሷም አዲስ ነው። በሌላ በኩል ግን ዕቅድ ሳታወጣ አለመጻፍን ፈረንሳይኛው አስተምሯታል፤ ብዙዎቹ የሳይንስ ቃላትም በሁለቱ ቋንቋዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ከሌላው ተማሪ ቀድማ ትራመዳለች።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ በዚህ ጉዳይ ሊረዳ አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የሚከተሉትን ማድረግ ለማንኛውም ቤተሰብ ይቻላል።

አንደኛ፦ ቡና ተፈልቶ ሲቀመጥ ልጁን «የምትጽፈው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ። ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር ለመምህሩ በእንግሊዝኛ አያስረዳም። ቀጥሎም «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከብዙ ገጽ እርማት ይበልጣሉ።

ሁለተኛ፦ ጊዜና ቦታ መስጠት። በጅቡቲ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የቀትር ሰዓት ለጽሕፈት አይመችም፤ አእምሮ የሚሠራው ንጋት ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ቢሆን እንኳ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሬዲዮኑን ዝቅ ማድረግና ትንንሾቹን ልጆች ወደ ደጅ ማውጣት ይቻላል። በዚህ ረገድ ባል ከግዳጅ በሌለበት ጊዜ ሁሉን ብቻዋን የምትሸከመው የወታደር ሚስት ናት፤ እርሱ ለፈቃድ ሲመጣ ይህን ተራ ቢወስድላት ውለታ አይሆንበትም፤ ድርሻው ነው።

ሦስተኛ፦ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት እንደማይወለድ ማወቅ። የመጀመሪያው ረቂቅ ያልተሞረደ ጎራዴ ነው። መምህሩ በቀይ ብዕር ሲያቀልመው ልጁ እንደ ውርደት እንዳይቆጥረው ወላጅ ማበረታታት ይገባዋል። በዓለም የታወቁ መጽሔቶችም የጸሐፊውን ሥራ ከማውጣታቸው በፊት ለሌሎች ሊቃውንት ሰጥተው ያስመረምራሉ፤ ታላላቆቹ ምሁራንም «አርመህ መልስ» ይባላሉ።

አራተኛ፦ በገንዘብ ከሚያጽፍ ደላላ ልጅን መጠበቅ። ዛሬ ደግሞ በታዘዘው ርእስ ሁሉ ጽሑፍ የሚያቀናብር የኮምፒዩተር መሣሪያ መጥቷል። መሣሪያው ሰዋስው ለማረም ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ያልነበረ መጽሐፍ ነበር ብሎ የሚጠቅስበት ጊዜ አለ። ሌላ ሰው በተኮሰው ጥይት የዒላማ ውጤት የተመዘገበለት ወታደር በግንባር ምን ይሆናል? ሳይጽፍ የተመረቀም እንዲሁ ነው።

አምስተኛ፦ በዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ዕድል መጠቀም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክሂል ትምህርት ይወስዳሉ። ብዙዎች ይህን ለማለፍ ብቻ ይማሩትና በመመረቂያው ዓመት ይጸጸታሉ። በየሳምንቱ አንድ አጭር ጥናት አንብቦ በራስ ቃል በአምስት መሥመር ማሳጠር የሚለምድ ተማሪ በአራተኛው ዓመት አይደነግጥም።

ውድ አንባብያን፤ እንግሊዝኛ ከአማርኛ፣ ከሱማሊኛ ወይም ከአፋርኛ የበለጠ ክብር ያለው ቋንቋ አይደለም። የአገራችን የትምህርት ሥርዓትና የዓለም የሳይንስ ገበያ የመረጡት መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ ለወታደር እንግዳ አይደለም። ፈትቶ መገጣጠምን፣ ማጽዳትን፣ በዒላማ ላይ ማዋልን በልምምድ ይማራል። በካርቲየ 1 በጠባብ ክፍል ውስጥ ወይም በጦር ሠፈር ቤት ውስጥ ንጋት ላይ መብራት አብርታ የምትጽፈው ልጅ ምናልባት እናቷ ዘወትር ከምትሠራው አንድ ተራ የሚመስል ሥራ ውስጥ እንደ እንዶዱ ያለ ትልቅ ነገር ታገኝ ይሆናል። ያየችውን አየሁ፣ የሰማችውን ሰማሁ፣ የገመተችውን ገመትኩ ብላ በሐቅ ከጻፈች ሰዋስውን መምህሩ ያርመዋል። ሐቁን ግን ከቤት ይዛው መሄድ አለባት።